ለሚካኤል ጀርባዬን የሰጠሁበት ኩርባ

ብዙ መናገር አልወድም። መጻፍ ደግሞ ከመናገር ይከብደኛል። ይህን የምጽፈው ልጄ ዝናሽ «የሆነውን እንደሆነው ጻፊው፤ ሞተር ላይ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ይጠቅማል» እያለች ስለወተወተችኝ ነው። እኔም እግዚአብሔር ያደረገልኝን ዝም ብዬ ብቀመጥበት ደስ አይለኝም።

የምኖረው አምደወርቅ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። መልካሙ ሰቆጣ ውስጥ የእንጨት ሥራ ይሠራል። ዝናሽ እዚሁ ወረዳችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። መሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክል ስለሰጣት በየቀበሌው እየዞረች ከብት ትከትባለች።

ያን ሞተር አልወደውም ነበር። ልጄ ሱሪዋን ለብሳ ስትነሳበት ፊቴን አዞራለሁ። ሰው ምን ይላል የሚለውም ትንሽ አለበት፤ ዋናው ግን ፍርሃት ነው። ጠዋት ከኋላዋ አማትብባታለሁ፤ ማታ ድምፁን ከሩቅ እስክሰማ ድረስ ልቤ አይረጋም። ማርሽ የሚሉትን ከፍሬን አልለይም። አንድም ቀን ወጥቼበት አላውቅም፤ እወጣበታለሁ ብዬም አላሰብኩም።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ጾም ነው። ባለቤቴ ታረቀ ሆዱን ማመም ጀምሮት ነበር። «የጾም ነው፣ ባዶ ሆድ ነው» እያለ ደበቀን። መልካሙን ሊጠይቅ ሰቆጣ በሄደበት ሕመሙ ጠናበትና ልጁ ሆስፒታል አስገባው። በማግስቱ ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ስወጣ ስልኬ ጠራ።

«እማዬ፣ አባዬን ሆዱን ሊቀዱት ነው» አለኝ መልካሙ። «ትርፍ አንጀት ነው ይላሉ።»

«እግዚአብሔር ይርዳቸው። ታዲያ ይግባ።»

«እምቢ አለ። እሷን ሳላገኝ፣ ይቅር ሳንባባል ቢላ አይነካኝም አለ። ጸበልም ይዛልኝ ትምጣ ይላል።»

«ሐኪሙስ?»

«ዛሬ ካልሆነ ይፈነዳል ነው የሚለው። ከፈነዳ ደግሞ…»

ስልኩን ለአባቱ እንዲሰጠው ነገርኩት። ታረቀ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ግባላቸው አንተ ሰው» አልኩት። «እኔ እደርሳለሁ።»

«ሳትመጪ አልገባም።»

«እንግዲያው አሁን በስልክ ይቅር እንባባል።»

«በስልክ ነው እንዴ የተጋባነው?» አለኝ። እንኳን ታሞ ደህናም ሆኖ እንደዚህ ነው። እኔና እሱ በቁርባን ነው የተጋባነው፤ ቃሉን ከያዘ አይለቅም።

ጸበሉ ቤት ነበር፤ በትንሿ ጀሪካን። ይዤ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። አንድም መኪና የለም። ነዳጅ ስለጠፋ ሚኒባሶቹ ሁሉ ሰቆጣ ሄደው ሰልፍ ይዘዋል አሉኝ። ከነገ በፊት የሚመለስ የለም። በእግር ልነሳ ብዬ ነጠላዬን ሳጣፋ ዝናሽ ሞተሯን እያንደቀደቀች መጣች። ወንድሟ ደውሎላት አለቃዋን አስፈቅዳለች።

«ውጪ» አለችኝ።

«እኔ በዚህ ላይ አልወጣም።»

«እሺ። በምን ትሄጃለሽ?»

ጀሪካኗን እንደ ሕፃን አዝዬ አሰርኳትና በጎን ልቀመጥ ስል ያዘችኝ።

«በጎን አይሆንም። እንደ በቅሎ ተቀመጪ።»

«ሰው መሃል?»

«ሰው መሃል። ነጠላሽን ደግሞ ጠምጥመሽ ውስጥ አስገቢው። ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ከያዘው ሁለታችንንም ይጥለናል።»

የራሷን የራስ ቁር አውልቃ እኔ ላይ ደፋችው። አንድ ብቻ ነው ያላት።

«ይሄን ድስት አውልቂልኝ፤ አንቺስ?»

«እኔ ጭንቅላቴ ጠንካራ ነው፤ አባቴን ነው የወጣሁት» አለችና ለወንድሟ ደወለች። «ይዣት መጣሁ። አዎ፣ በሞተር። አዎ፣ እሷው ራሷ።»

እንዲህ ተነሳን።

መጀመሪያ ላይ መንገዱ ደልዳላ ስለነበር ብዙም አልፈራሁም። ዝናሽ ወገብ ላይ እጆቼን ቆልፌ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ጸበሉ ጀርባዬ ላይ ይንቦጫቦጫል። ከዚያ በስተግራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ታየችኝ።

እንግዲህ በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን አይቶ ሳይሳለሙ ማለፍ የለም። እግረኛው ቆሞ ይሰግዳል፤ መኪና ላይ ያለውም ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ያማትባል። እኔም እጄን ፈታሁ፤ ወደ ግራ ጎንበስ አልኩና አማተብኩ። ሞተሩ ተወላግዶ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሄደ። ዝናሽ እንደ ምንም መለሰችው።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ማርያምን ተሳለምኩ።»

«እጅሽን ለቀሽ?»

«በእግሬ ላማትብ ታዲያ?»

«አንቺ ስትሰግጂ እኮ ሞተሩም አብሮሽ ይሰግዳል!»

«ይስገድ። ምን ነውር አለው?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ግን እንደገና ጎንበስ አልኩ፤ እሷም አውቃ ቀድማ ፍጥነቷን ስለቀነሰች ምንም አልሆንን። በዚህ ተስማማን መሰለኝ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ረጅም ነው፤ ተራራው በቀኝ፣ ገደሉ በግራ ሆኖ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጠጠሩ ልቅ ነው። እንደጀመርነው ዝናሽ በግራ እግሯ አንድ ነገር ነካ አደረገችና ሞተሩ ከሥሬ ጮኸ። ሊበር የተነሳ መሰለኝ።

«ቀስ በይ! ምን ታስጮኺዋለሽ?»

«ቀስ ማለቴ ነው! ማርሽ መለስኩ። ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይያዘን ብዬ ነው።»

«ሲጮህ ነው ቀስ የሚለው? አሁን እናትሽን ታሞኛለሽ?»

«እውነቴን ነው እማዬ። ማርሹ ዝቅ ሲል ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል።»

ጆሮዬ የሰማውን ልቤ አላምን አለ። በቅሎ ስትጮህ የምትደነብርበት ጊዜ ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ኩርባ በመጣ ቁጥር ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር እኔ «ኧረ በእመብርሃን!» እላለሁ። በመጨረሻ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ እሷም ጀርባዋ ላይ ተሰማት። እናቷ ነኝ፤ አሳዘንኳት። ማርሹን ወደ ላይ መለሰችው። ጩኸቱ ጠፋ።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«አሁን ጥሩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

በዝምታ መውረድ ጀመርን። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። እኔ ቀስ ያልን መስሎኝ አመሰገንኩ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ሁለታችንንም፣ ጸበሉንም የያዘችው በቀኝ እግሯ ብቻ ነበር። ፍሬኑን ረግጣ፣ ሳትለቅ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ጨርቅ ይመስላል። ነጠላዬ እሳት የነካው መስሎኝ ዳበስኩት፤ ደህና ነው።

«ዝናሽ፣ ምን ይሸታል?»

እግሯን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ስታደርግ አየሁ። ነፋሱ ጠነከረ። ድንጋዩ በቀኛችን በኩል ፈጥኖ ማለፍ ጀመረ።

«እማዬ» አለችኝ። በኽምጣና ነው የተናገረችው። ቤታችን ውስጥ የምንናገርበት ቋንቋችን ነው፤ ሥራ ላይ ሆና አትናገርበትም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። «የእግሩ ፍሬን አልይዝ አለ። ግሏል።»

«ሌላ የለውም?»

«የፊቱ አለ፤ በእጅ የሚያዘው። ጠጠር ላይ አጥብቄ ከያዝኩት ግን ጎማው ተንሸራቶ ያነጥፈናል። ኩርባ ውስጥማ ፈጽሞ አይነካም።»

«ልውረድ? ልዝለል?»

«እንዳትሞክሪው! ደረትሽን ጀርባዬ ላይ ለጥፊ። በጉልበትሽ ያዢኝ። አሁን ይጮኻል እማዬ። ሲጮህ አትፍሪ።»

«ይጩህ» አልኩ።

በግራ እጇ ፍሪሲዮን የሚሉትን እጀታ ያዘች፣ በእግሯ ማርሹን መታች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። ሞተሩ ጓ አለ። አንድ ሰው ከኋላ ልብሳችንን ይዞ የጎተተን ያህል ወደ ኋላ ተያዝን። የኔ ድስት ከእሷ ማጅራት ጋር ተጋጨ። በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ማርሽ ለምን እንዳልመለሰችው በኋላ ጠይቄያታለሁ። የኋላው ጎማ ይታሰርና ተንሸራቶ ይዞን ይወድቅ ነበር አለችኝ። አንድ ማርሽ፣ ከዚያ ትንሽ ጠብቆ፣ ደግሞ አንድ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሳለን የፊቱን ፍሬን በሁለት ጣት ብቻ ያዝ ለቀቅ ታደርገዋለች።

ወደ ግራ የሚዞር ኩርባ ደረሰ። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያጋድል የወደቅን መሰለኝና ሰውነቴን አደረቅሁ፤ ወደ ቀኝ ቀጥ አልኩ። ሞተሩ አልታጠፍ አለ። ሰፍቶ ወጣና ተራራው ሥር ወዳለው ቦይ ተጠጋ። ድንጋዩ ክንዴን ቧጨረኝ። ቦዩ አፍ ላይ ጠጠር እየረጨን እንደ ምንም ዞርን።

«እማዬ፣ እኔ ሳጋድል አብረሽኝ አጋድዪ!» ብላ ጮኸች። «ቀጥ ስትዪ ነው የምትጥዪኝ!»

«እንወድቃለን ብዬ…»

«አንወድቅም። ትከሻዬን እዪ። ትከሻዬ ወደሄደበት ሂጂ።»

ቀና ስል ከፊታችን ያለው የሚካኤል ኩርባ ነበር።

በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ ተራራውን ተከትሎ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በግራ ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ፣ ከጽዱ መሃል የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ይታያል። አውቶቡስ ሲያልፍበት ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ግራ ጎንበስ ይላል። እኔ ደግሞ ዝናሽን በስለት ያገኘኋት ከእሱ ደጅ ነው። እሷን በጀርባዬ አዝዬ በእግሬ ሄጄ ስለቴን አስገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ደርሼ ሳልሰግድ ያለፍኩበት ቀን የለም።

ማርሹ እንደገና ተመለሰ። ሞተሩ ጮኸ። ፍጥነታችን ቀንሷል፤ ግን በቂ አይደለም። መንገዱ ወርዶ ወርዶ ባዶ አየር ላይ የሚያልቅ ይመስላል።

«እማዬ፣ ሚካኤል በግራ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኛ ወደ ቀኝ ነን። እጅሽን እንዳትለቂ። እንዳትሰግጂ። እንዳታዪውም።»

በዕድሜዬ ሚካኤልን አትዪው ያለኝ ሰው የለም።

«በቀኝ ትከሻዬ ላይ አሻግረሽ መንገዱን እዪ» አለች። «መንገዱ የሚወጣበትን። ገደሉን ካየሽ ወደ ገደሉ እንሄዳለን።»

በግራ ዓይኔ ጥግ የጽዱ ጥቁር ጥላና የጉልላቱ ብልጭታ ገባ። እጄ ሊፈታ ፈለገ። እውነቴን ነው፤ ሳላዝዘው ጣቶቼ ላሉ። ጀርባዬ ላይ ጸበሉ ወደ ግራ ተንቦጨቀ። ያኔ የልጄን ወገብ እስኪያማት ጨመቅሁ፤ አገጬን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አደረግሁ፤ እሷ ስታጋድል አብሬያት ወደ ተራራው አጋደልኩ። ጀርባዬን ለሚካኤል ሰጠሁ። አፌ ላይ ጸሎት አልመጣም። «ታውቃለህ» ነው ያልኩት በሆዴ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

መንገዱ ከጉልበቴ አጠገብ ነበር። ጠጠሩን አንድ በአንድ አየሁት። የኋላው ጎማ ትንሽ ሸርተት አለ፤ ልጄ ምንም አልነካችም፤ ፍሬንም ማርሽም አልነካችም፤ ዓይኗን ብቻ ከመንገዱ አልነቀለችም። ጎማው ተመለሰ። ኩርባው ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሞተሩ ቀና አለ፤ እኛም ቀና አልን። ከፊታችን መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል።

ዳገቱ ያዘን። እግዚአብሔር ያንን ዳገት እዚያ ያስቀመጠው ለእኔ ይመስለኛል። ሞተሩ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ቆመ። ዝናሽ አጠፋችው።

ሁለታችንም አልወረድንም። እጆቼ አልፈታ ብለውኝ ነበር፤ እሷ ናት ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቀችልኝ።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ወገቤን ሰበርሽው» አለችና እንባዋ መጣ። እንደ ልጅነቷ ራሷን ደረቴ ላይ አድርጌ ያዝኳት። ድስቱን ግን አላወለቅሁም፤ ረስቼዋለሁ።

ከኋላው ጎማ መሃል ቀጭን ጭስ ይወጣል። ጀሪካኗን ከጀርባዬ ፈታሁና ክዳኗን ስከፍት ዝናሽ ዘላ ያዘችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጸበል ላፈስበት። ተቃጠለ እኮ።»

«እማዬ፣ የጋለ ብረት ነው፤ ቀዝቃዛ ካገኘው ይሰነጠቃል። ተይው፣ ራሱ ይብረድ። ጸበሉን ለአባዬ አስቀምጪለት።»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ታረቀ አልጋ ላይ ሆኖ በሩን ሲያይ ይታየኛል። ስልኩን ሞከርን፤ ኔትወርክ የለም። ምን ያህል እንደምንቆይ ዝናሽን ስጠይቃት እጇን ወደ ጎማው አስጠግታ «ገና ነው» ትለኛለች።

ገደሉን ዞሮ በሚመጣው የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ተነስቼ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከአምደወርቅ ነን አባቴ።»

«ከላይ ሆኜ አየኋችሁ። እዚህ የሚያልፈው ሁሉ ወደኛ ጎንበስ ይላል። ዛሬ አንዲት እናት ጀርባዋን ሰጥታን አለፈች። ምን አስቀይመናት ይሆን አልኩ።»

«ይፍቱኝ አባቴ» ብዬ ተንበረከኩ። «ፍሬን እምቢ አለንና ነው። ብሰግድ ልጄን እገድላት ነበር።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ተነሽ፣ ተነሽ። እየቀለድኩ ነው እንጂ የሞተሩን ጩኸት ሰምቼ ነው የወጣሁት። አንቺ መስገድ ሳትችይ እኔ ሰገድኩልሽ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ መንገዱን በመቋሚያቸው እያሳዩ እንዲህ አሉ፦ «ድሮ እኮ ሰው እዚህ ሲደርስ ከበቅሎው ይወርድ ነበር። መሬት ረግጦ ነው የሚሳለመው። እየሄዱ መስገድን መኪና ነው ያስለመዳችሁ።»

ዝናሽ ቀና ብላ አየቻቸው። «አባ፣ ይህንን በየቤተ ክርስቲያኑ ቢናገሩልን!»

«እናትሽ ትናገር። እሷ ናት ያየችው።»

ጎማው በረደ። ዝናሽ ፍሬኑን ረግጣ ሞተሩን ገፋችው፤ ያዘ። ደግማ ሞከረችው፤ ያዘ። ከመነሳታችን በፊት ለሚካኤል በሁለት እግሬ ቆሜ ሰገድኩ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ እንደ በቅሎ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ገና ሌላ ቁልቁለት አለ» አለችኝ።

«አስጩኺው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ልጄ የምትሠራውን ማየት ጀመርኩ። ኩርባው ሳይደርስ ነዳጁን ትቀንሳለች። ቀጥ ባለው ላይ ፍሬኑን ያዝ ታደርጋለች። ማርሽ ትመልሳለች፤ ይጮኻል። ከዚያ መውጫውን ታያለች፤ ታጋድላለች፤ እኔም አጋድላለሁ። ኩርባው ሲከፈት ነዳጅ ትሰጠዋለች። ሁሉም ነገር ከኩርባው በፊት አልቋል፤ ውስጥ ከገባች በኋላ የምትጨምረው የለም። ጩኸቱ ሲመጣ አሁን ደስ ይለኛል፤ የያዘን እሱ ነውና።

ሰቆጣ ገባን። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳትቆም ወረድኩ ማለት ይቻላል። ጀሪካኗን ይዤ፣ ድስቱን እንደደፋሁ፣ የተባለው ክፍል ገባሁ።

አልጋው ባዶ ነው።

አንሶላው ተገፏል። የታረቀ ጫማ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ዝናሽ ከኋላዬ ደርሳ ባዶውን አልጋ አየች።

መልካሙ በአገናኝ መንገዱ እየሮጠ መጣ። «እማዬ! ስደውልላችሁ፣ ስደውልላችሁ…»

«ሞተ?»

«ኧረ የምን ሞት! ገባ! ወደ ቀዶ ጥገናው ገባ!»

«ሳልመጣ?»

«ሳትመጪ። እምቢ እንዳለ ነበር። እማዬ በሞተር እየመጣች ነው አልኩት። አላመነኝም። ዝናሽ ከኋላዋ ጭናት ነው አልኩት። እናትህ? ሞተር ላይ? አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ነርሷን ጠራትና ‹በሉ ውሰዱኝ፤ እሷ እዚያ ላይ ከወጣችማ እኔ ተኝቼ ምን እፈራለሁ› አላት።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የመጣብኝ አላውቅም። ዝናሽ ድስቱን ከራሴ ላይ ያወለቀችልኝ ያን ጊዜ ነው።

ጀሪካኗን አቅፌ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ወጣ፤ ወጣት ነው፤ ፊቱ ደክሟል።

«ደህና ነው እናቴ» አለኝ። «ሊፈነዳ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እርስዎ አሁን እስኪደርሱ ቢጠብቅ ኖሮ አንደርስለትም ነበር።»

እዚያው መሬቱን ሳምኩ። ሐኪሙ ክንዴን ይዞ አነሳኝና የተቧጨረውን አይቶ ለነርሷ አሳያት።

ታረቀ የነቃው ወደ ማታ ነው። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑን ሲገልጥ እኔን አየ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ይቅር በይኝ።»

«አንተም ይቅር በለኝ።»

«ጸበሉስ?»

ነርሷ ገና ምንም አይጠጣም አለች። ጣቴን ነከርኩና ግንባሩን በመስቀል ምልክት አረጠብኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«በጎን ነው የተቀመጥሽው?» አለኝ።

«እንደ በቅሎ።»

«ሰው መሃል?»

«ሰው መሃል። ድስት ደፍቼ።»

ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። «ኧረ በማርያም አታስቂኝ፣ ስፌቱ!» እያለ ሳቀ፤ ዝናሽም መልካሙም ሳቁ። ኩርባውን ያን ቀን አልነገርኩትም። ተሽሎት ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሰማው። ሲሰማም «ጀርባሽን ሰጠሽ? ጥሩ አደረግሽ» አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ሞተር ነጂ አይደለሁም፤ ስለ ማርሽ ላስተምራችሁ አልችልም። ከኋላ ስለ መቀመጥ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ፣ ወይም የማታውቁት ሞተረኛ ቁልቁለት ላይ ሲያስጮኸው አትቆጡት። ዝምታው ነው የሚያስፈራው። ሲያጋድል አብራችሁት አጋድሉ። እጃችሁን አትልቀቁ። ጸሎታችሁን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት። እኔ ድሮ የምጸልየው ስፈራ ነበር፤ አሁን መንገዱ ገና ቀጥ እያለ እጸልያለሁ።

የልጄንም ሥራ አከበርኩት። ጠዋት ስትነሳ ፊቴን አላዞርም። በር ላይ ቆሜ «ማርሽሽን በጊዜ መልሺ» እላታለሁ፤ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ለራሴም የራስ ቁር ገዛችልኝ።

በየወሩ በሚካኤል ቀን ሲመቸን አብረን እንሄዳለን። ቁልቁለቱን ሞተሩን እያስጮኽን እንወርዳለን። ኩርባው ሳይደርስ፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ፣ ዝናሽ ፍሬን ይዛ ዳር ታቆማለች፤ ሁለታችንም እንወርዳለን። ጫማችንን አውልቀን መሬት ረግጠን እንሰግዳለን። አንዳንድ ቀን ሌሎች ሞተረኞችም እዚያው ቆመው እናገኛቸዋለን። ከዚያ እንደ በቅሎ እቀመጣለሁ፤ እጆቼን ልጄ ወገብ ላይ እቆልፋለሁ፤ ኩርባው ላይ ስንደርስ አገጬን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አደርግና መንገዱ የሚወጣበትን አያለሁ።

ሚካኤልን አላየውም። እሱ ያየናል።